ሃያ ሁለት ዲግሪ

በነፋስ በር ከተማ ሰኞና ሐሙስ የጀርባ ቀን ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በአከርካሪ ማዕከሉ ሦስተኛ ፎቅ የተኙት ሕሙማን ሸሚዛቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ቀጸላ ይርዳው የንባብ ጓንቷን በቀኝ እጇ አጥልቃ ከአልጋ ወደ አልጋ ትሄዳለች። ጓንቱ ስስ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ለብርድ የተደረገ ይመስለዋል። መዳፏን በአንድ ሰው ወገብ ላይ ስታሳርፍ ግን ከቆዳው ሥር ያለው ክር ካለፈው ንባብ ወዲህ ምን ያህል እንደጎተተ፣ ምን ያህልስ እንደቀረው በጆሮዋ ይነግራታል።

«እንዴት አደሩ? አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት። ሰኞ አሥራ ሦስት ነበሩ። በርቱ፣ ሸሚዝዎን ይልበሱ።»

ከዚያ ወደሚቀጥለው ጀርባ።

ክሩን «አቃኝ» ይሉታል። ከፕሮቲን የተገመደ፣ ከሐር የቀጠነ፣ በሰው ሰውነት ውስጥ እየኖረ የሚሠራ ክር ነው። የአከርካሪ አንጓ ሲሰበር ከፊት በኩል ይደፈጠጣል፤ እንዲሁ ከተተወ ሰውየው ጎብጦ ይቀራል። አቃኙ በአንጓዎቹ ግራና ቀኝ ይዘረጋና በየቀኑ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ እየሳበ በአርባ ቀን ጀርባውን ያቃናዋል። የት ድረስ መሳብ እንዳለበት የሚያዘው «ልከኛው» ነው። ልከኛው በማዕከሉ መዝገብ ውስጥ የተቀመጠ የአንድ እንከን የለሽ አከርካሪ ቅርጽ ሲሆን፣ በየሰዉ ጀርባ ያለው አቃኝ ሁሉ ሌት ተቀን ከእሱ ጋር ይገናኛል።

ነፋስ በር በስምጥ ሸለቆው ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሁለት መቶ ስድሳ የነፋስ ማማዎች ከበዋታል። ሰዎቿ በገመድ ሠረገላ ይሄዳሉ፤ በማማ ላይ ውለው ይገባሉ። ስለዚህ ይወድቃሉ። ሌላ አገር ሰው በጉንፋን የሚተኛውን ያህል እዚህ በአከርካሪ ስብራት ይተኛል። ጉብጠቱ ከአሥር ዲግሪ በታች ሆኖ የወጣ ሰው ወረቀቱ ላይ «ድኗል» ተብሎ ይጻፍለትና ወደ ሥራው ይመለሳል። ከአሥር በላይ የሆነ ግን «አልዳነም» ነው፤ ማማ አይወጣም፣ ሠረገላ አይነዳም። ቀጸላ በስምንት ዓመት ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎችን «ድኗል» ብላ ፈርማለች።

የዚያን ዕለት ሐሙስ አሥራ አራተኛው አልጋ ላይ ስትደርስ ቦንሳ ኤጀርሳ ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮቱ ወደ ማማዎቹ ይመለከት ነበር። ቦንሳ የአርባ ስድስት ዓመት ገመደኛ ነው፤ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ የማማዎቹን ክንፍ የሚያጥብና የሚጠግን ሠራተኛ ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት ገመዱን የያዘው መቆንጠጫ ተሰብሮ ከአሥራ ሁለት ሜትር ወደቀና የወገቡ የመጀመሪያዋ አንጓ ተደፈጠጠች። ሲመጣ ጉብጠቱ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ነበር።

ቀጸላ መዳፏን አሳረፈች። «ሃያ ሁለት» አላት ጓንቱ።

ሰኞም ሃያ ሁለት ነበር። ካለፈው ሳምንት ሐሙስ ጀምሮም ያው ሃያ ሁለት።

«ቆሟል፣ አይደል?» አላት ቦንሳ ሳይዞር።

«ቆሟል። እንደገና አስነሣዋለሁ። ትንሽ ይቆነጥጥዎት ይሆናል።»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከምድር እስከ ስምንተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥቼ እወርዳለሁ። ለምን አትተዪውም?»

«በሃያ ሁለት ዲግሪ ማማ አያስወጡዎትም፣ ጋሽ ቦንሳ።»

ቀጸላ የማስነሻውን ትእዛዝ በጓንቷ ሰጠችና ክሩ ሲወጠር በመዳፏ ተሰማት።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ከደረጃው ጩኸት ሰምታ ሮጠች። ቦንሳ አምስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ በአንድ እጁ የደረጃውን ብረት ይዞ ተቀምጧል። ፊቱን ላብ አጥምቆታል። ግራ እግሩን በሁለተኛው እጁ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው፤ የሌላ ሰው ዕቃ የሚያነሣ ይመስል ነበር።

«ከጉልበቴ በታች የለም» አላት። «ድንገት ጠፋ።»

ጓንቷን በሸሚዙ ሥር አስገባች። ሃያ። ማስነሻው በግድ ሁለት ዲግሪ ስቦታል። ምን እንደምታደርግ ገና እያሰበች፣ ክሩ ከመዳፏ በታች ሲላላ ተሰማት። ሃያ ነጥብ አምስት። ሃያ አንድ። ማንም ሳያዘው፣ ጠባብ ጫማ እንደሚፈታ ሰው ቀስ እያለ ለቀቀ። ሃያ ሁለት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ቦንሳ የእግሩን ጣቶች አንቀሳቀሰ።

«መጣ» አለ። «እግሬ መጣ።»

ቀጸላ በስምንት ዓመት ውስጥ ወደኋላ የሄደ አቃኝ አይታ አታውቅም። ቦንሳን አልጋው ላይ አስተኝታ ክሩ የሠራውን ሁሉ የመዘገበበትን ማስታወሻ በጓንቷ ቀድታ ወደ ማንበቢያ ክፍል ወሰደችው። ብልሽቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። ክሩ ከልከኛው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ከተሠራ ጀምሮ ሙት ነበር። በቦንሳ ጀርባ ውስጥ ያለው አቃኝ አንድም ቀን ከልከኛው ትእዛዝ ደርሶት አያውቅም።

ታዲያ ከሠላሳ አንድ እስከ ሃያ ሁለት ማን አመጣው?

መልሱ በሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። አቃኞች ሁሉ ነርቭ እንዳይጎዱ የሰውነትን ስሜት የሚያዳምጥ ጆሮ አላቸው። ጡንቻው ሲጨናነቅ፣ ነርቩ ሲወጠር ይሰማሉ። በሌሎቹ ሕሙማን ልከኛው «ሳብ» ሲል ክሩ ይስባል፤ የሰውነቱ ስሞታ ግን ማንም በማይከፍተው ገጽ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። የቦንሳ ክር ልከኛውን ስላላወቀ ያዳመጠው ቦንሳን ብቻ ነው። ሰውነቱ እሺ እስካለ ድረስ ሳበ፤ ይበቃል ሲለው ቆመ።

ቀጸላ የሌሎቹን የአሥራ ሦስቱን ሕሙማን የስሞታ ገጽ ከፈተች። ሁሉም ሞልቶ ነበር።

*

ዶክተር ልዑልሰገድ የማዕከሉ ዋና ሐኪም ናቸው። አቃኙን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ልከኛውንም ያስቀመጡት እሳቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ያለ ቀጠሮ የገባባቸውን ሰው ሁሉ ቆመው ነው የሚቀበሉት። ቀጸላን እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ብልሽት ነው» አሉ። «ጥሩ አድርገሽ አገኘሽው። ሰኞ ክሩን አውጥተሽ አዲስ አስገቢለት።»

«ዶክተር፣ ሁለት ዲግሪ ብቻ ሲጨመርበት እግሩ ጠፍቷል።»

«በዝግታ ከሄድን ነርቩ ይለምዳል።»

«ቢለምድስ ያማል። ሌሎቹንም ያማቸዋል። ስሞታው እዚህ ተጽፎአል።»

ዶክተሩ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ቀጸላ ከዚያ በፊት ሰምታ የማታውቀውን ነገር ነገሯት።

«ታላቅ ወንድሜ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሾላ ዛፍ ወደቀ። ወጌሻ አሸው፤ ሦስት ወር ተኛ። ሲነሣ ጎብጦ ነበር። ሰባ ዲግሪ ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ማን ለክቶ። ቀና ብሎ የሰው ፊት ማየት አይችልም ነበር። ሰውም ሰላም ሲለው ከአናቱ በላይ እያየ ነው። ለሠርግ የሚጠራው ጠፋ። በስሙ የሚጠራውም ጠፋ፤ ጎባጣው ብቻ ሆኖ ቀረ። እኔ ይህን ክር የሠራሁት ማንም ሰው መሬት መሬት እያየ እንዳይሞት ነው።»

«ጋሽ ቦንሳ መሬት አያይም» አለች ቀጸላ በዝግታ። «በየማለዳው ስምንት ፎቅ ይወጣል።»

«ደረጃ መውጣት መዳን አይደለም።»

«መዳን ምንድን ነው ታዲያ?»

«ከአሥር በታች» አሉ ዶክተሩ። ስሙን የተጠየቀ ሰው ስሙን እንደሚናገር ያህል ነበር የመለሱት።

*

ቀጸላ ለዓርብ ፈቃድ ጠየቀች። የፈረመችላቸውን ሰዎች ዝርዝር ይዛ ከዓርብ እስከ እሑድ ከተማዋን ዞረች። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ማዳረስ አይቻልም፤ አሥራ ዘጠኙን አገኘች። ሁሉንም የጠየቀቻቸው ሁለት ጥያቄ ነበር። ያምዎታል ወይ? ማድረግ ያቃትዎት ነገር ምንድን ነው?

ስድስት ዲግሪ ላይ የወጣ አንድ የሠረገላ ነጂ ምንም እንደማያመው ነግሯት ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም አላት። ሰባት ዲግሪ የሆነች ሴት በሌሊት አራት ጊዜ እየነቃች እንደምትገላበጥ ነገረቻት። ሕክምናውን አቋርጦ የጠፋ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዲግሪ የቀረ ግንበኛም አገኘች። ቀዝቃዛ ቀን ላይ ወገቡ እንደሚጠዘጥዘው፣ ከዚያ በቀር ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚውል ነገራት። ቀጸላ ዲግሪውን በአንድ በኩል፣ የሰዎቹን መልስ በሌላ በኩል ጻፈች። ሁለቱን ለማጋጠም ብትሞክር አልገጥም አሏት። ቀጥ ያለውም ደህና ሊሆን፣ ላይሆንም ይችላል። የጎበጠውም እንደዚያው።

እሑድ ከሰዓት የሺመቤት ቤት ደረሰች።

የሺመቤትን የማያውቅ የማዕከሉ ሠራተኛ የለም። ፎቶዋ መግቢያው በር ላይ ተሰቅሏል። ከሠረገላ መውረጃ ወድቃ ሁለት አንጓ ተሰብሮባት ነበር፤ አራት ዲግሪ ሆና ወጣች። ከዚያ የተሻለ ውጤት ማዕከሉ አስመዝግቦ አያውቅም። በሩን ስትከፍት ቀጸላ ልክ እንደ ፎቶው ቀጥ ብላ አየቻት።

«ሲስተር ቀጸላ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ። አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ እቆማለሁ።»

«ለምን ይቆማሉ?»

«መቀመጥ ልምዴ አይደለም አሁን።» ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ረጅም ወንበር ካገኘሁ ትንሽ ጊዜ እቀመጣለሁ።»

«ሥራ እንዴት ነው? መምህርት ነበሩ፣ አይደል?»

«አሥራ አራት ዓመት አስተማርኩ። መዋዕለ ሕፃናት።» የሺመቤት ፈገግ ለማለት ሞከረች። «የሕፃናት ክፍል ወንበር ታውቂያለሽ፤ ከጉልበት በታች ነው። ሕፃን ደግሞ ሲያለቅስ ወርደሽ በዐይኑ ትክክል ካልሆንሽለት አይሰማሽም። እኔ መውረድ አልቻልኩም። ወገቤ አይታጠፍም። ከላይ ሆኜ አይዞህ እላለሁ፤ ልጁ እግሬን እያየ ያለቅሳል። አንድ ዓመት እንደዚያ ቆየሁና ተውኩት።»

«ለማዕከሉ ለምን አልነገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? መጡ፣ ለኩኝ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሡኝ። አራት ዲግሪ ነሽ ሲሉኝ እኔም ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ በኋላ አመመኝ ብል ውለታ ቢስ የምሆን መሰለኝ።»

ቀጸላ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። በዚያች ሴት ወረቀት ላይ «ድናለች» ብላ የፈረመችው እሷ ነበረች፤ ስትፈርም የተሰማትን ደስታም ታስታውሰዋለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻት።

«አንቺ ምን ታድርጊ? ይኸው መጥተሽ ጠየቅሽኝ።»

*

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀጸላ የሦስተኛውን ፎቅ በር ስትከፍት አሥራ አራቱም ሕሙማን ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አጣብቀው ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረዋል። ጓንቷን ለማጥለቅ የዘረጋችው እጅ መሃል ላይ ቆመ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ዛሬ ጀርባ አንሰጥም» አላት ቦንሳ። ሐሙስ ደረጃው ላይ የሆነውን ለሁሉም ነግሯቸዋል፤ አዲስ ክር ሊገባለት መሆኑንም ሰምቷል። «ለአንቺ ክፉ አስበን አይደለም። ዶክተሩ ይምጡና ፊት ለፊት እንነጋገር።»

ዶክተር ልዑልሰገድ ሲመጡ ሁለት ረዳት ሐኪሞች ተከትለዋቸው ነበር። በሩ ላይ ቆመው አሥራ አራት ፊት አዩ። ምናልባት በዚያ ክፍል ውስጥ የሕሙማኑን ፊት አንድ ላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ሁልጊዜ የሚያዩት ጀርባ ነው።

«ክሩ የማዕከሉ ንብረት ነው» አሉ ረጋ ብለው። «የተበላሸ ክር በሰው ውስጥ ትቼ መሄድ አልችልም።»

«አልተበላሸም» አለ ቦንሳ። «እናንተ የምትሉትን አልሰማም እንጂ እኔን ሰምቷል።»

«አቶ ቦንሳ፣ እኔ የምፈልገው ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ነው።»

«ከመውደቄ በፊት ቀጥ ያልኩ ነበርኩ፣ ዶክተር። ቀጥ ማለቴ ከመውደቅ አላዳነኝም። አሁን የምፈልገው ሥራዬን ነው። እግሬን ወስዳችሁ ቀጥ ያለ ጀርባ ብትሰጡኝ በእሱ ምን ላድርግበት?»

ዶክተሩ ወደ ቀጸላ ዞሩ። «ጓንትሽን አጥልቂ።»

ቀጸላ ጓንቱን ከኪሷ አውጥታ በመዳፏ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ አጥፋ ሰጠቻቸው።

«እርስዎ ያንብቡ፣ ዶክተር። እኔ ሳይጠየቅ የሰው ጀርባ ከእንግዲህ አልነካም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ድኗል ብዬ ፈርሜያለሁ። አሥራ ዘጠኙን ሄጄ ጠየቅሁ።» ወረቀቱን በጓንቱ ላይ አስቀመጠችላቸው። «የሺመቤት ሥራዋን ትታለች። ያቺ በራችን ላይ የሰቀልናት የሺመቤት። መታጠፍ አትችልም።»

ዶክተሩ ወረቀቱን እያነበቡ ሳለ ከአራተኛው አልጋ ድምፅ ተሰማ። ሐያት የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች።

«እኔ ግን ቀጥ ማለት እፈልጋለሁ» አለች። ሁሉም ወደ እሷ ሲዞር ፊቷ ቀላ። «ከጋሽ ቦንሳ ጋር የተቀመጥኩት እሱ እንዳይገደድ ብዬ ነው። እኔ ግን ቢያመኝም ቀጥ ማለት ነው የምፈልገው።»

ቦንሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ያንቺ ጀርባ ነው፣ ልጄ። የፈለግሽውን በይ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ከፊታቸው ዝቅ አደረጉ። ሐያትን ረጅም ጊዜ አዩአት። ቀጸላ ይዛ የመጣችውን ጥያቄ ለመጠየቅ የመረጠችው ያኔ ነበር።

«ዶክተር፣ ልከኛው ማን ነው?»

«ማን ነው ማለት?»

«የማን ጀርባ ነው? ሁሉንም ወደ እሱ ነው የምንጎትተው።»

«የዘጠኝ መቶ አራት ጤነኛ ሰዎች አማካይ ነው። ወድቀው የማያውቁ፣ አሟቸው የማያውቅ። አንድ ዓመት ሙሉ የለካኋቸው እኔ ነኝ።»

«ከዘጠኝ መቶ አራቱ አንዱን ያሳዩን። የልከኛው ዓይነት ጀርባ ያለውን አንድ ሰው።»

ዶክተሩ ቀላል ነገር እንደተጠየቀ ሰው ወደ ጣሪያው ቀና ብለው የማዕከሉን መዝገብ በድምፅ ጠየቁ። መዝገቡ ልከኛውን ከእያንዳንዱ ሰው ጋር አነጻጸረና ሁልጊዜ በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ መለሰ።

«ከልከኛው ጋር የሚስማማ ሰው አልተገኘም።»

«በየአንጓው የአንድ ዲግሪ ልዩነት ፈቅደህ ፈልግ።»

«አልተገኘም።»

ዶክተሩ ቀጥሎ የጠየቁትን ማንም አልጠበቀም፤ ቀጸላም ብትሆን።

«ሰዎቹን በእኛ ደንብ ለካቸው። ከአሥር በላይ የሚሆኑ ስንት ናቸው?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ከአሥር ዲግሪ በላይ ናቸው» አለ መዝገቡ። «በደንቡ መሠረት አልዳኑም።»

ከረዳት ሐኪሞቹ አንዱ ሳያስበው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ዶክተር ልዑልሰገድ አልሳቁም። የሚቀመጡበት ፈለጉ፤ ቅርብ የነበረው የቦንሳ አልጋ ነበር። ቦንሳ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጣቸው፤ ሁለቱ ሰዎች ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ያልወደቁ ናቸው» አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው። «አንዳቸውም አልወደቁም። ከምን ነው የማድናቸው?» እጃቸውን ተመለከቱ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ ወዳልተወለደ ሰው ስጎትት ኖርኩ።»

«እንደ ወንድምዎ ሌላ ሰው እንዳይሰደብ ብለው ነው» አለች ቀጸላ።

«ወንድሜ።» ጓንቱን አልጋው ላይ አስቀመጡ። «ወንድሜ ጎብጦ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። ንብ ያረባ፣ ማር ይቆርጥ ነበር። አንድም ቀን ያመኛል ሲል አልሰማሁትም። ሰው ያየዋል ብዬ የማፍረው እኔ ነበርኩ። እሱን ጠይቄው አላውቅም።»

*

ከዚያ የሆነው በአንድ ቀን አልሆነም። ዶክተር ልዑልሰገድ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ለአርባ ቀን ብቻ ብለው ፈቀዱ። ከሐያት በቀር የአሥራ ሁለቱ ሕሙማን አቃኝ በየፈቃዳቸው ከልከኛው ተለያየ፤ የቦንሳ ቀድሞም የተለየ ነበር። ቀጸላ ጓንቷን መልሳ ወሰደች። ሰኞና ሐሙስ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ትጠይቃለች፣ ከዚያ «ልዳስስ?» ትላለች።

ክሮቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቦታ ቆሙ። አንዱ አሥራ አራት ላይ፣ አንዱ ዘጠኝ ላይ፣ አንዱ ሃያ ስድስት ላይ። ሁለት ተመሳሳይ አልተገኘም። ሁሉም ደግሞ መልካም አልሆነም። አቶ ደምሰው የሚባሉ ሽማግሌ አጥንታቸው የሳሳ ስለነበር ሰውነታቸው በቃኝ ባለ ቁጥር ክሩ እየላላ ጉብጠታቸው ሠላሳ አራት ዲግሪ ደረሰ፤ እግራቸው መዛል ጀመረ። ዶክተሩ ራሳቸው ቀዶ ሕክምና አድርገው አዳኗቸው። ቀጸላ ያንንም የሌሎቹን ውጤት በጻፈችበት ገጽ ላይ አሰፈረችው። ሰውነትም አንዳንዴ ይሳሳታል፤ የሱን ስሕተት ደብቃ የልከኛውን ብቻ ብታወራ ከዚህ በፊት ከሠራችው በምን ይሻላል ብላ ነው።

ሐያት ስምንት ዲግሪ ሆነች። አልቅሳም ታግሳም የፈለገችውን አገኘች። ስትወጣ ጀርባዋ ክፍት የሆነ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ነበር።

የየሺመቤት ፎቶ ከበሩ ወረደ፤ አውርዱልኝ ያለችው ራሷ ናት። ዶክተሩ እስካሁን ጀርባዋ ውስጥ ያለውን ክር አላልተው ወገቧ ጥቂት እንዲታጠፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እየሞከሩ ነው። እስካሁን ሦስት ዲግሪ ተመልሶላታል። በቂ ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም።

አርባው ቀን ሲያልቅ የማዕከሉ ወረቀትም ተለወጠ። ዲግሪው ከታች በትንሹ ይጻፋል። ከላይ፣ ሰፊው ቦታ ላይ፣ ሰውየው ስለራሱ የሚለው ይሰፍራል። ያንን ወረቀት ይዞ የወጣው የመጀመሪያው ሰው ቦንሳ ነበር። ቀጸላ ማንም የማይቀበለው መስሏት አብራው ሄደች።

የማማዎቹ መግቢያ ላይ የመለኪያ ቅስት አለ። የሚገባ ሁሉ በሥሩ ቆሞ ይለካል፤ ከአሥር በታች ከሆነ በሩ ራሱ ይከፈታል። የፈረቃው ኃላፊ ዛይዳ ናት፤ ቦንሳ ገመድ አያያዝ ያስተማራት ሴት። ከቅስቱ ሥር ሲቆም መብራቱ ቀይ ሆነ።

«ጋሽ ቦንሳ» አለች ዛይዳ ዐይኗን ከመብራቱ ሳታነሣ፣ «እስቲ ቀጥ ብለህ ቁም።»

«ቆሜአለሁ።»

«ቀጥ ብለህ። ምናልባት ያሳልፍህ ይሆናል።»

ቦንሳ ከቅስቱ ሥር ወጣና ፊት ለፊቷ ሄደ። ትከሻው ወደፊት ትንሽ ያዘነብላል፤ እግሮቹ መሬቱን አጥብቀው ይዘዋል። ወረቀቱን ሰጣት። ዛይዳ አነበበችው። በቦንሳ የራሱ ቃል እንዲህ ይላል፦ «ስምንት ፎቅ እወጣለሁ። ሠላሳ ኪሎ እሸከማለሁ። ብዙ ስቀመጥ ያመኛል፤ ስንጠለጠል አያመኝም። ገመዴን አውቃለሁ።»

«ይኼ መለኪያ አይደለም እኮ» አለች ዛይዳ።

«አይደለም» አለ ቦንሳ። «ዛይዳ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ስቆም እንዲህ ነኝ። ከዚህ ሌላ የለኝም።»

ዛይዳ ወረቀቱን አየች፤ እሱን አየች፤ ከጀርባው የቆመችውን ቀጸላን አየች። ቅስቱ አሁንም ቀይ ያበራል። ዛይዳ በጎኑ አለፈችና በሩን በእጇ ገፍታ ከፈተችው።